የቆዩ አስፈሪና ልብ አንጠልጣይ ፊልሞችን ቤት ውስጥ ለማየት፦ የትኛው መንገድ ለማን ይስማማል?

አንድን የ1970ዎቹ አስፈሪ ፊልም ቤቱ ቁጭ ብሎ ማየት የሚፈልግ ሰው ዛሬ መንገዱ ብዙ ነው። ትልልቆቹ የደንበኝነት አገልግሎቶች አሉ፤ ለዚሁ ዘርፍ የተቋቋሙ ትንንሾቹም አሉ። በማስታወቂያ የሚተዳደሩ ነፃ መድረኮች፣ የቤተ መጻሕፍት ካርድ፣ የዲጂታል ኪራይና ግዢ፣ ዲስክ፣ ዲሽ፣ በመጨረሻም ሰፈር ውስጥ ፍላሽ ላይ የሚጭነው ልጅ አለ። ሁሉም ዘንድ የሚገኘው ርእስ አንድ ነው፤ ፊልሙ ግን ብዙ ጊዜ አንድ አይደለም። የጣሊያናዊው ዳይሬክተር ዳሪዮ አርጀንቶ «ፕሮፎንዶ ሮሶ» በ1975 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጣሊያን ውስጥ ሲታይ 127 ደቂቃ ያህል ርዝመት ነበረው፤ ለውጭ ገበያ የተላከው ግን ተቆራርጦ ወደ 105 ደቂቃ ወርዷል። በ1973 የወጣው የእንግሊዞች «ዘ ዊከር ማን» ደግሞ 88፣ 94 እና 100 ደቂቃ ገደማ በሆኑ ሦስት መልኮች ይገኛል። ሁለት ጓደኛሞች ስለ አንድ ፊልም ሲከራከሩ አንደኛው ያየውን ትዕይንት ሌላው ጨርሶ አላየሁም ቢል፣ ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ምክሬ ከአገልግሎቱ በፊት ቅጂው ይመረጥ የሚል ነው። ማየት የሚፈለገው የትኛው ፊልም፣ የትኛውም ቅጂ እንደሆነ ከታወቀ በኋላ በየት በኩል ማየት እንደሚቻል መወሰን እምብዛም አያስቸግርም። የምናወራው ሲወጡ ብዙ ተመልካች ስላላገኙ ወይም ሳንሱር ስለተጫናቸው፣ በኋላ ግን ደጋግሞ የሚያያቸው ታማኝ ወዳጅ ስላፈሩ ፊልሞች ሲሆን፣ ዘመናቸውም በግምት ከ1920 እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ ነው። ባለፈው ዓመት ለወጣ ፊልም ይህ ሁሉ ጥንቃቄ አያስፈልግም።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው ምሉዕነት ነው። ፊልሙ ተቆርጦ እንደሆነ ለማወቅ ቀላሉ ዘዴ በመድረኩ ገጽ ወይም በዲስኩ ሽፋን ላይ የሰፈረውን ርዝመት ፊልሙ መጀመሪያ ሲታይ ከነበረው ርዝመት ጋር ማስተያየት ነው። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ፊልም የሚቀረጸው በሴኮንድ በ24 ምስል ሲሆን፣ አብዛኞቹ የአውሮፓና የአፍሪካ አገሮች ሲጠቀሙበት የቆዩት የፓል ቴሌቪዥን ሥርዓት ደግሞ በሴኮንድ 25 ምስል ያሳያል፤ በመሆኑም በፓል የተዘጋጀ ዲቪዲ ፊልሙን በ4 በመቶ ያፈጥነዋል። የ100 ደቂቃው ፊልም በ96 ደቂቃ ያልቃል፤ የጎደለ ትዕይንት ግን የለም፤ የተዋንያኑ ድምፅ በጥቂቱ ከመቅጠኑ በቀር። በዚህ ስሌት «ፕሮፎንዶ ሮሶ» በፓል ዲቪዲ ላይ 122 ደቂቃ ቢል ሙሉ ነው፤ 105 ቢል ተቆርጧል። ከእንግሊዝ የሚመጣ የቆየ ካሴት ወይም ዲቪዲ ሲሆን የታተመበትን ዓመትም ማየት ይጠቅማል፤ የ1984ቱ የቪዲዮ ሕግ ከወጣ በኋላ ለብዙ ዓመታት በዚያ አገር አስፈሪ ፊልሞች ይቆረጡ ወይም ጨርሶ ይከለከሉ ነበር። በ1974 የተሠራው «ዘ ቴክሳስ ቼይን ሶው ማሳከር» ሳይቆረጥ እንዲታይ የእንግሊዝ ፊልም መዳቢው አካል የፈቀደው በ1999 ነው።

ሁለተኛው የቅጂው ምንጭ ነው፤ ማለትም የምናየው ምስል ከዋናው ኔጋቲቭ ተነሥቶ የታደሰ ነው ወይስ ዓመታት በየሲኒማ ቤቱ ሲዞር ካረጀ ቅጂ የተወሰደ። የጀርመናዊው ዳይሬክተር ሙርናው «ኖስፈራቱ» (1922) ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። የ«ድራኩላ» ደራሲ ሚስት ልቦለዱ ያለ ፈቃድ ተወስዷል ብላ ከሳ ፍርድ ቤት ቅጂዎቹ እንዲጠፉ ስለወሰነ፣ ዛሬ የምናየው ፊልም በየአገሩ ተበትነው ከተረፉት ቅጂዎች የተለቃቀመ ነው። በዚያ ዘመን በሌሊት መቅረጽ አስቸጋሪ ስለነበር የሌሊቱ ትዕይንቶች በቀን ተቀርጸው ፊልሙ ሰማያዊ ቀለም ይነከር ነበር። ቀለሙ በጠፋባቸው ርካሽ ቅጂዎች ላይ ታዲያ ቫምፓየሩ ኦርሎክ የሬሳ ሣጥኑን አቅፎ በጠራራ ፀሐይ ከተማዋን ሲያቋርጥ ይታያል። ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ይኸው ፍጡር የማለዳ ጮራ ሲነካው እንደ ጢስ ይበናል። ቀለሙን ያላየ ተመልካች ታሪኩ እርስ በርሱ ተጋጨ ቢል አይፈረድበትም።

ሦስተኛው ጨለማ ነው። ለፍቅር ወይም ለአስቂኝ ፊልም ቢሆን ይህን መመዘኛ ከነጭራሹ አላነሣውም ነበር፤ አስፈሪ ፊልም ግን ግማሹ ታሪኩ ያለው በደንብ በማይታየው የምስሉ ጥግ ላይ ነው። ቪዲዮ በኢንተርኔት ለመላክ ሲታመቅ በመጀመሪያ የሚሠዋው ደግሞ ይኸው የጨለማው ዝርዝር ነው። ለመፈተን ቀላል ነው፤ ገጸ ባሕርይዋ ሻማ ወይም ባትሪ ይዛ ኮሪደር ውስጥ የምትሄድበትን ትዕይንት ያቁሙና ብርሃኑ ግድግዳው ላይ የሚያልቅበትን ጠርዝ ይመልከቱ። በጥሩ ቅጂ ላይ ብርሃኑ ቀስ እያለ ወደ ጥቁር ይቀልጣል። በመጥፎው ላይ የተነባበሩ ግራጫ ክቦች ይሠራል፤ ፊልሙን ሲያስቀጥሉትም ጥቁሩ ቦታ ውስጥ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ይርመሰመሳሉ። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ቁጥሩ ይናገራል። ኔትፍሊክስ 1080 ጥራት ላለው ምስል የሚመክረው የኢንተርኔት ፍጥነት በሴኮንድ 5 ሜጋቢት ሲሆን፣ ብሉሬይ ዲስክ ለምስሉ ብቻ በሴኮንድ እስከ 40 ሜጋቢት መጠቀም ይችላል።

አራተኛው ድምፅና ቋንቋ ነው። የዘመኑ አስፈሪ ፊልሞች አብዛኞቹ በአንድ የድምፅ መስመር፣ በሞኖ የተቀዱ ነበሩ፤ በኋላ ወደ ብዙ ድምፅ ማጉያ የተበተኑት አንዳንዶቹ አዲስ የእግር ኮቴና አዲስ የበር ሲጢጥታ ተጨምሮባቸዋል። ጥሩ ዲስክ ሁለቱንም ይሰጣል፤ ስትሪሚንግ (በኢንተርኔት በቀጥታ የሚታየው) ባመዛኙ አንዱን ብቻ። ስለ ቋንቋ አንድ የተለመደ ጭንቀት ልቀንስ። በጣሊያን ፊልሞች ላይ «ዋናው ድምፅ ጣሊያንኛው ነው ወይስ እንግሊዝኛው?» ብሎ መጨነቅ ብዙም አያስፈልግም፤ በዚያን ጊዜ ጣሊያን ውስጥ ተዋንያኑ በቀረጻ ላይ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ቋንቋ ይናገሩና ድምፁ በሙሉ በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ይገባ ነበር፤ የ1977ቱ «ሱስፒሪያ»ም የተሠራው እንዲሁ ነው። የጃፓንና የፈረንሳይ ፊልሞችን ግን በዋናው ቋንቋ ከሰብታይትል ጋር ማየት ይሻላል። ሰብታይትሉ በእንግሊዝኛ ይሆናል፤ እነዚህን ፊልሞች በአማርኛ ጽሑፍ ማግኘት ከባድ ነው።

የቀሩት ሦስት መመዘኛዎች አጭር ናቸው። አገልግሎቱ ባሉበት አገር ይሠራል ወይ፣ ክፍያውንስ በምን ይከፍሉታል? ዳታ ስንት ይበላል? ፊልሙስ በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ይገኛል ወይ?

ትልልቆቹ የደንበኝነት አገልግሎቶች

ኔትፍሊክስ ከጥር 2016 ጀምሮ ኢትዮጵያን ጨምሮ በአብዛኛው ዓለም ይሠራል፤ የአማዞን ፕራይም ቪዲዮም በዚያው ዓመት መጨረሻ ተከትሏል። ጥቅማቸው ግልጽ ነው፤ በማንኛውም ስልክና ቴሌቪዥን ይከፈታሉ፣ ፊልም ጭነው ያለ ኢንተርኔት ማየት ይፈቅዳሉ፣ ለልጆች የተለየ መለያና የይለፍ ቁጥር አላቸው። ለዚህ መመሪያ ጉዳይ ግን ደካማ ናቸው። ኔትፍሊክስ ላይ ከ1980 በፊት የተሠሩ ፊልሞች በጣም ጥቂት ናቸው፤ ያሉትም ከአገር አገር ይለያያሉ፤ ውል ሲያልቅም ይነሣሉ። በአሜሪካ ያለ ዘመድ «አለ» ብሎ የነገረዎት ፊልም አዲስ አበባ ላይ ሲፈለግ ላይገኝ ይችላል።

ዳታን በተመለከተ ኔትፍሊክስ ራሱ የሚሰጠው ግምት በመደበኛ ጥራት በሰዓት እስከ 1 ጊጋባይት፣ በከፍተኛ ጥራት እስከ 3፣ በ4ኬ (እጅግ ከፍተኛው ጥራት) እስከ 7 ጊጋባይት ነው። ስለዚህ አንድ የ96 ደቂቃ ፊልም በከፍተኛ ጥራት ወደ 5 ጊጋባይት ይጠጋል። በስልክ ፓኬጅ ለሚያይ ሰው የፊልሙ እውነተኛ ዋጋ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ወርሃዊ ክፍያው ሁለተኛ ጉዳይ ይሆናል። በፍጥነት እንጂ በጊጋባይት የማይቆጠር የቤት ኢንተርኔት ያለው ሰው ይህን አንቀጽ ይዝለለው።

ለዘርፉ የተቋቋሙ መድረኮች

ሸደር የኤኤምሲ ኔትወርክስ ንብረት ሲሆን ሥራው አስፈሪና ልብ አንጠልጣይ ፊልም ብቻ ነው። የሚሠራው ግን በአሜሪካ፣ በካናዳ፣ በእንግሊዝ፣ በአየርላንድ፣ በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ ነው። ክራይቴሪየን ቻናል በአሜሪካና በካናዳ ብቻ የተወሰነ ነው፤ አስፈሪ ፊልም ዋና ሥራው ባይሆንም የያዛቸው የቆዩ ፊልሞች ባብዛኛው የታደሱ ቅጂዎች ናቸው። ሙቢ ከሁሉም ሰፊ አገር ይደርሳል፤ ምርጫው ጥቂትና የሚቀያየር ስለሆነ ግን አንድን የተወሰነ ፊልም ፍለጋ ለሚገባ ሰው አይመችም። ያላሰበውን ለማየት ዝግጁ ለሆነ ሰው ይመቻል።

በእነዚህ መድረኮች ላይ የሚወደደው ነገር ስለ ቅጂው የሚሰጡት መረጃ ነው፤ የትኛው ቅጂ እንደሆነና ማን እንዳደሰው አንዳንዴ ይገልጻሉ፤ ትልልቆቹ ይህን አያደርጉም። ቪፒኤን (ያሉበትን አገር የሚደብቅ ፕሮግራም) አብርቶ ከማይሠራበት አገር ለመግባት መሞከር ከአገልግሎቱ ውል ጋር ይጋጫል፤ መድረኮቹም ብዙዎቹን ያግዳሉ፤ ከተሳካም የሚቀንሰው ፍጥነት ምስሉን ስለሚያበላሸው የተከፈለው ገንዘብ ለጥራት አይውልም።

ነፃዎቹ፦ በማስታወቂያ የሚሠሩና የቅጂ መብታቸው ያበቃ

ቱቢ በዋናነት በአሜሪካና በካናዳ፣ ከ2024 ጀምሮ ደግሞ በእንግሊዝ ያለ ክፍያ የሚታይ ሲሆን የአስፈሪ ፊልም ክምችቱ ከብዙ ባለክፍያ አገልግሎቶች ይሰፋል። ችግሩ ማስታወቂያው ነው። ልብ አንጠልጣይ ፊልም የሚሠራው ውጥረትን ቀስ በቀስ በማክረር ነው፤ በሩ ሊከፈት ሲል የመኪና ኢንሹራንስ ማስታወቂያ ከገባ የዳይሬክተሩ የሃያ ደቂቃ ድካም ገደል ገባ ማለት ነው። ለመቅመስ ጥሩ ነው፤ ለሚወዱት ፊልም አይመከርም።

ከዚህ የተለየው ደግሞ የቅጂ መብት የሌላቸው ፊልሞች ናቸው። የጆርጅ ሮሜሮ «ናይት ኦቭ ዘ ሊቪንግ ዴድ» (1968) ርእሱ በመጨረሻው ሰዓት ሲቀየር አከፋፋዩ የቅጂ መብት ማሳወቂያውን አዲሱ ርእስ ላይ ሳያሰፍር ስለቀረ፣ በወቅቱ በነበረው የአሜሪካ ሕግ መሠረት ፊልሙ ገና ሲወጣ የሕዝብ ሀብት ሆነ። «ካርኒቫል ኦቭ ሶውልስ» (1962) እና «ሀውስ ኦን ሆንትድ ሂል» (1959)ም በአሜሪካ የሕዝብ ሀብት ናቸው። እነዚህን ከኢንተርኔት አርካይቭ ላይ በነፃ አውርዶ ላፕቶፕ ላይ ማስቀመጥ፣ ዩቲዩብ ላይም ማየት ይቻላል። ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ተመልካች ይህ መንገድ ከሚገባው በታች ተወርቶለታል ባይ ነኝ፤ አንዴ የወረደ ፋይል ካርድ አይጠይቅም፣ መብራት ቢጠፋም ባትሪው እስከቆየ ድረስ ይታያል።

ነፃነቱ ግን የራሱ ጣጣ አለው። መብት የሌለው ፊልም ማንም ስለሚያባዛው አንዱ ርእስ በደርዘን ዓይነት ቅጂ ይገኛል፤ አብዛኞቹ ያረጁ፣ ጥቂቶቹም በኋላ ቀለም የተቀቡ ናቸው። የሮሜሮን ፊልም የኒውዮርኩ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ከዋናው ኔጋቲቭ ተነሥቶ በ4ኬ ያሳደሰው ሲሆን በ2016 ለሕዝብ ታይቷል፤ ከዚያ በፊት የነበሩትን ደብዛዛ ቅጂዎች አይቶ «ርካሽ ፊልም ነው» ያለ ሰው በታደሰው ላይ የሣሩን ቅጠልና የቤቱን ግድግዳ ወረቀት ንድፍ ሲያይ ሐሳቡን ይቀይራል። ሲያወርዱ ስለዚህ መጀመሪያ የመጣውን አይውሰዱ፤ የፋይሉን መጠንና ርዝመት አነጻጽረው ትልቁን ይምረጡ፤ ባለ ቀለሙን ይተዉት።

የቤተ መጻሕፍት ካርድ

በአሜሪካ፣ በካናዳ፣ በእንግሊዝና በአውስትራሊያ ለሚኖሩ ወገኖች ካኖፒ የሚባል አገልግሎት አለ፤ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ወይም የዩኒቨርሲቲ ካርድ ያለው ሰው በወር የተወሰነ ቁጥር ያላቸውን ፊልሞች ያለ ክፍያና ያለ ማስታወቂያ ያይበታል። ቤተ መጻሕፍቱ ግን አባል መሆን አለበት። ብዙዎቹ ቤተ መጻሕፍት ዲቪዲና ብሉሬይም ያውሳሉ፤ የማጫወቻ ዋጋ ብቻ ከፍሎ በዲስክ ጥራት ማየት የሚቻልበት መንገድ ይህ ነው። እዚያ አገር እየኖሩ ይህን ሳይሞክሩ ደንበኝነት መክፈል ገንዘብ መጣል ነው።

ዲጂታል ኪራይና ግዢ

በአፕል፣ በአማዞንና በዩቲዩብ የሚከራይ ፊልም በአብዛኛው ለመጀመር 30 ቀን፣ ከጀመሩት በኋላ ለመጨረስ 48 ሰዓት ይሰጣል። በዓመት አራት አምስት ፊልም ለሚያይ ሰው ከወርሃዊ ደንበኝነት ይረክሳል። የፊልም ኪራይ ክፍሉ በሁሉም አገር አይከፈትም፤ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድም ይጠይቃል። «ግዢ» የሚለውን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የሚገዛው የማየት ፈቃድ ነው፤ ሻጩ መብቱን ካጣ ፊልሙ ከመደርደሪያዎ ሊነሣ ይችላል። የካሊፎርኒያ ግዛት ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ሻጮች ይህን ለገዢ በግልጽ እንዲነግሩ በሕግ ያስገደደው ቅሬታው ስለበዛ ነው። ለኪራይ ጥሩ፤ ለግዢ ዲስኩ ይሻላል።

ዲስክ

በምስል፣ በድምፅና በዘላቂነት መመዘኛ ዲስክን የሚረታው የለም። ለዚህ ዘርፍ ደግሞ የተለየ ጥቅም አለው፤ የተለያዩት የፊልሙ ቅጂዎች ባንድ ሣጥን ውስጥ አብረው የሚገኙት አብዛኛውን ጊዜ በዲስክ ነው። ዲቪዲ እንደ ፓል ወይም ኤንቲኤስሲ (የአሜሪካው የቴሌቪዥን ሥርዓት) አሠራሩ 576 ወይም 480 መስመር፣ ብሉሬይ 1080፣ ባለ 4ኬው ደግሞ 2160 መስመር ጥራት ይሰጣል። ጥቁርና ነጭ ፊልም በጥሩ ዲቪዲ እንኳ ያምራል፤ እንደ «ሱስፒሪያ» ያለ ቀይና ሰማያዊው እሳት የሚተፋ ፊልም ግን ቢያንስ ብሉሬይ ይገባዋል።

ገዢን የሚያደናግረው የክልል ቁጥር፣ ማለትም ዲስኩ በየትኛው የዓለም ክፍል በተሸጠ ማጫወቻ ላይ እንደሚከፈት የሚወስነው ምልክት ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በዲቪዲ አከፋፈል አሜሪካና ካናዳ ክልል 1፣ ምዕራብ አውሮፓ፣ እስራኤልና የባሕረ ሰላጤው አገሮች ክልል 2 ሲሆኑ ኢትዮጵያ ክልል 5 ውስጥ ናት። በብሉሬይ አከፋፈል ደግሞ አሜሪካ ኤ፣ አውሮፓ፣ መካከለኛው ምሥራቅና አፍሪካ አንድ ላይ ቢ ናቸው። ትርጉሙ ይህ ነው፦ ከዋሽንግተን የተላከ ብሉሬይ አዲስ አበባ ወይም ዱባይ በተገዛ ማጫወቻ ላይ ላይከፈት ይችላል፤ ከለንደን የተላከው ግን ይከፈታል። ባለ 4ኬው ብሉሬይ የክልል ቁጥር የለውም፤ ከየትም ቢመጣ ይሠራል። ርካሾቹ የዲቪዲ ማጫወቻዎች ብዙ ጊዜ ሁሉንም ክልል ያነባሉ፤ የላፕቶፕ ዲቪዲ ማንበቢያ ግን ክልሉን መቀየር የሚቻለው አምስት ጊዜ ብቻ ሲሆን በአምስተኛው ላይ ይቆለፋል። ለብቻው ማጫወቻ ከመግዛትዎ በፊት ቤት ያለውን የጨዋታ መሣሪያ ይመልከቱ፤ ፕሌይስቴሽን 4 ብሉሬይ ያጫውታል፣ ዲስክ ማስገቢያ ያለው ፕሌይስቴሽን 5 ደግሞ ባለ 4ኬውንም ጭምር።

ጉዳቱ ዋጋውና ማጓጓዣው ነው። በፖስታ ከማስላክ ይልቅ ለሚመጣ ዘመድ ማስያዝ የተለመደ ሲሆን ዲስኩን ከሣጥኑ አውጥቶ በስስ መያዣ ማምጣት ለሻንጣ ክብደት ያግዛል።

ዲሽና ፍላሽ

ኤምቢሲ 2 በናይልሳት ላይ በነፃ የሚታይ የውጭ ፊልም ጣቢያ ሲሆን ብዙ ሰው ከዘርፉ ጋር የተዋወቀው በእርሱ በኩል ነው። የአረብኛ ሰብታይትል ይዞ ይመጣል፤ ለጣቢያው ተመልካች አይመጥኑም የተባሉ ትዕይንቶች ይወጣሉ። ሰዓቱን መምረጥ አይቻልም። ለመዝናኛ ይበቃል፤ ምሉዕ ቅጂ ለሚፈልግ ግን መንገዱ አይደለም።

ፍላሽ ላይ ማስጫን የኢትዮጵያ ተመልካች እውነተኛ ልማድ ስለሆነ ሳልጠቅሰው ባልፍ መመሪያው ጎደሎ ይሆናል። ርካሽ ነው፣ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ባለመብቱ የማያውቀው ንግድ መሆኑ አንድ ነገር ነው። በመመዘኛዎቻችን ብቻ ስንለካው እንኳ ይወድቃል፤ ፋይሉ እጅግ የታመቀ ስለሚሆን ጨለማው ትዕይንት የሞተ ነው፣ የትኛው ቅጂ እንደሆነ ጫኙም አያውቅም፣ ሰብታይትሉ ከንግግሩ ጋር አይገጥምም፣ ቫይረስም አብሮ ሊመጣ ይችላል። የቆዩ ፊልሞችን ደግሞ ከነጭራሹ ብዙም አይዙም፤ ገበያው ያለው አዲሱ ላይ ነው።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| መንገድ | ምሉዕ ቅጂ | ጨለማና ምስል | ኢትዮጵያ ውስጥ | ዘላቂነት | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ትልልቅ ደንበኝነት | አይታወቅም | መካከለኛ | ይሠራል፣ የቆዩ ፊልሞች ጥቂት | ይነሣል | ወርሃዊ + ዳታ |
| የዘርፉ መድረክ | ጥሩ፣ አንዳንዴ የተገለጸ | መካከለኛ እስከ ጥሩ | ከሙቢ በቀር አይሠራም | ይነሣል | ወርሃዊ |
| ነፃ ከማስታወቂያ ጋር | አይታወቅም | ደካማ እስከ መካከለኛ | ቱቢ አይሠራም፣ ዩቲዩብ ይሠራል | ይነሣል | ዳታ ብቻ |
| መብት የሌለው ፊልም ማውረድ | መርጠው ካወረዱ ጥሩ | ከቅጂ ቅጂ ይለያያል | ይሠራል | የራስዎ ፋይል | አንዴ ዳታ |
| ቤተ መጻሕፍት | ጥሩ | ጥሩ (በዲስክ ምርጥ) | የለም | ተውሶ | ነፃ |
| ዲጂታል ኪራይ | ይጣራ | ጥሩ | ውስን | 48 ሰዓት | በፊልም |
| ዲስክ | ምርጥ | ምርጥ | ማጫወቻና ክልል ይጣራ | የራስዎ | ከፍተኛ፣ አንዴ |
| ዲሽ | የተቆረጠ | መካከለኛ | ይሠራል | የለም | ነፃ |
| ፍላሽ | አይታወቅም | ደካማ | ይሠራል | ፋይሉ እስካለ | ዝቅተኛ |

ለማን የቱ?

አዲስ አበባ ወይም ክልል ከተማ ሆኖ በስልክ ፓኬጅ ለሚያይ ሰው የመጀመሪያው ምክሬ መብት የሌላቸውን ፊልሞች ማውረድ ነው። «ኖስፈራቱ»፣ «ናይት ኦቭ ዘ ሊቪንግ ዴድ»ና «ካርኒቫል ኦቭ ሶውልስ» ሦስቱም የዘርፉ መሠረቶች ናቸው፤ ቢሮ ወይም ካፌ ዋይፋይ ባለበት አውርዶ ቤት ማየት ምንም ደንበኝነት አይጠይቅም። የቤት ኢንተርኔትና በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያለው ሰው በዚህ ላይ ሙቢን ለአንድ ሁለት ወር ጨምሮ መሞከር ይችላል፤ ኔትፍሊክስ ካለው ለአዲሶቹ ፊልሞች ይተወው።

በአሜሪካ የሚኖር ሰው በቤተ መጻሕፍት ካርድ ይጀምር፤ ከዚያ ቱቢ ላይ የሚወደውን ዘመንና አገር ይለይ፤ የጣሊያኖቹ ከሳቡት ወደ ዲስክ፣ የዘመኑ አዳዲስ ሥራዎች ከሳቡት ወደ ሸደር ይሂድ። ሸደርን ዓመቱን ሙሉ መክፈል አያስፈልግም፤ ጥቅምት ላይ ለሃሎዊን ገብቶ ኅዳር ላይ የሚወጣው ሰው ብዙ ነው።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ በተለይ በጋራ መኖሪያ ወይም በአሠሪ ቤት የምትኖር እኅት ዋናው ችግሯ ቦታና ድምፅ ነው። ስልክና ጥሩ ኢርፎን በቂ ናቸው፤ እንዲያውም አስፈሪ ፊልም በኢርፎን ከብዙ ሳሎን በተሻለ ይሰማል። ፊልሙን አስቀድሞ መጫን ዋይፋዩ ሲጨናነቅ ከመቆራረጥ ያድናል። በእስራኤልና በአውሮፓ ላለ ሰው ክልል ቢ ብሉሬይ ከእንግሊዝ መግዛት ያዋጣል፤ ሲዋዋስ የሚያይ የጓደኛ ቡድን ካለማ የበለጠ።

ልጆች ባሉበት ቤት ደግሞ በሽፋን ላይ የሰፈረውን ምደባ ብቻ አይመኑ። የአሜሪካው «አር» ከወላጅ ጋር ልጅን ያስገባል፤ የእንግሊዙ 18 ማንንም ልጅ አያስገባም፤ አንዱ ፊልም በአንዱ አገር የመጀመሪያውን፣ በሌላው ሁለተኛውን ሊያገኝ ይችላል። የይለፍ ቁጥር የሚቀበል መድረክ መምረጥ፣ ዲስክ ከሆነም ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ይበቃል።

ከመጀመርዎ በፊት ቴሌቪዥኑን

ከላይ የተመረጠው ምርጥ ቅጂ በተሳሳተ የቴሌቪዥን ማስተካከያ ሊባክን ይችላል። አብዛኞቹ አዳዲስ ቴሌቪዥኖች ከፋብሪካ ሲወጡ እንቅስቃሴን የሚያለሰልስ ማስተካከያ በርቶባቸው ይመጣሉ፤ በሴኮንድ 24 የሆነውን ምስል በራሳቸው ፈጠራ እየሞሉ ፊልሙን የቀጥታ ዜና ያስመስሉታል። ስሙ ከአምራች አምራች ስለሚለያይ በምስል ማስተካከያው ውስጥ እንቅስቃሴ የሚለውን ፈልገው ያጥፉት፤ «ፊልምሜከር ሞድ» የሚል ካለ እርሱን መምረጥ ሥራውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጨርሰዋል። ምስሉን የሚያስልና እንደ አሸዋ የሚታየውን የፊልም ቅንጣት የሚያጠፋ ማስተካከያ ካለም ዜሮ ያድርጉት፤ ቅንጣቱ የፊልሙ አካል ነው፤ ሲጠፋ ፊት ሁሉ ሰም ይመስላል።

ሹክሹክታውን ለመስማት ከፍ ያደረጉት ድምፅ ጩኸቱ ሲመጣ ጎረቤት የሚቀሰቅስ ከሆነ «ናይት ሞድ» የሚለውን የድምፅ ማስተካከያ ያብሩ፤ የድንጋጤውን ኃይል ጥቂት ቢቀንስም አያት በተኙበት ቤት የግድ ነው። ብርሃንን በተመለከተ ማስተካከያውን ቀን ላይ አያድርጉ። ፊልሙን በሚያዩበት ሰዓት፣ መጋረጃው ተዘግቶና መብራቱ ጠፍቶ፣ ጥቁር ኮት የለበሰ ሰው ጨለማ ውስጥ የቆመበትን ትዕይንት አቁመው የኮቱ እጥፋት እስኪታይ ድረስ ብርሃኑን ከፍ ያድርጉ፤ ከኋላው ያለው ጥቁር ግራጫ መሆን ሲጀምር አንድ እርምጃ ይመልሱ።